እርማት የሚያሻሽለው ጽሑፉን ነው ወይስ ጸሐፊውን?

ጥያቄ፦ «የጦሳ ሥር»፣ ደሴ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤ በደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ አጫጭር ልቦለዶችንና ስለ አካባቢያችን አኗኗር የሚያወሱ መጣጥፎችን እጽፋለሁ። ስለ አጻጻፍ ምክር በተጠየቀ ቁጥር «ደጋግመህ አርም» የሚለው ቃል ሳይነሣ አይቀርም። ምክሩን ተቀብዬ ስሠራበት ቆይቻለሁ፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ግራ ስላጋቡኝ እናንተን ለመጠየቅ ወደድሁ።

አንደኛው፣ ጽሑፌን ባረምሁት ቁጥር የሰዋስው ግድፈቱ እየቀነሰ ሲሄድ የማንበብ ፍላጎት የሚቀሰቅሰው ነገርም አብሮ መቀነሱ ነው። ስለ ባቲ ገበያ ከጻፍሁት የመጀመሪያ ረቂቅ ጥቂት መስመሮችን ላስነብባችሁ፦ «ሰኞ ጠዋት ባቲ ስንደርስ ግመሎቹ ቀድመውናል። አፋሮቹ ፍየልና ጨው ይዘው ወጥተዋል፤ ደገኞቹ እህል ጭነው ወርደዋል። አያቴ ፍየል ልትገዛ መጥታ ዋጋ ሳትጠይቅ ጥርሷን ገልጣ አየች።» ይህንኑ ካረምሁት በኋላ እንዲህ ሆነ፦ «በዕለተ ሰኞ ማለዳ በባቲ ከተማ በተገኘንበት ወቅት ግመሎች ቀደም ብለው የደረሱ ሲሆን፣ የአፋር ማኅበረሰብ አባላት የፍየልና የጨው ምርቶችን፣ የደጋው ነዋሪዎችም የእህል ምርቶችን ለገበያ ያቀረቡበት ሁኔታ ተስተውሏል። አያቴም የፍየል ግዢ ለመፈጸም በመጣችበት ጊዜ ከዋጋ ድርድር በፊት የጥርስ ምርመራ አድርጋለች።» አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለቱንም አንብቦ፣ ሁለተኛው የወረዳ ሪፖርት ይመስላል ሲል በግልጽ ነገረኝ። እኔ ግን እያንዳንዱን ለውጥ ያደረግሁት ጽሑፉ «የተስተካከለ» እንዲሆን ብዬ ነበር።

ሁለተኛው ከዚህ ይሰፋል። አንድን ጽሑፍ አርሜ ስጨርስ ጽሑፉ በእርግጥ ከነበረበት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሚቀጥለው ጽሑፍ ግን የመጀመሪያው ረቂቄ ያንኑ የተንዛዛ መግቢያና ያንኑ የተደጋገመ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። እርማት የተሻለ ጸሐፊ የሚያደርግ ከሆነ ትምህርቱ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ መሻገር አልነበረበትም ወይ? ወይስ እርማት የሚያሻሽለው በእጅ ያለውን ወረቀት ብቻ ነው?


መልስ፦ «ቀይ እስክሪብቶ»፣ ኮምቦልቻ

ጥያቄዎ ሁለት ቢመስልም መነሻው አንድ ይመስለኛል። ድርሰትና የአጻጻፍ ትምህርት ለረጅም ዘመን ያስተማርሁ በመሆኔ ይህ ችግር ለእኔ እንግዳ አይደለም። እርስዎ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የሠሩት ሥራ ቃላትን በሌሎች ቃላት መተካት ነው፤ ሐሳቡን ግን አልነኩትም።

ናንሲ ሶመርስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 20 የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎችንና 20 ልምድ ያላቸውን ጸሐፊዎች አነጻጽራ ነበር። እያንዳንዳቸው ሦስት ድርሰት ጻፉ፤ እያንዳንዱንም ድርሰት ሁለት ጊዜ መልሰው ጻፉት። ተማሪዎቹ ማረም ሲባል የተረዱት ቃል መለወጥ፣ የተደጋገመውን ማጥፋትና በትምህርት ቤት የተነገራቸውን ደንብ መጠበቅ ሆኖ ተገኘ። ልምድ ያላቸው ግን በመጀመሪያ የሚፈልጉት የክርክራቸውን ቅርጽ ነበር፤ አንባቢ ይህን ሲያነብ ምን ይለኛል እያሉ ራሳቸውን ይጠይቁ ነበር፤ አንቀጽን ከቦታው ያነሣሉ፣ ያልተጻፈውን ይጨምራሉ፣ ብዙ የደከሙበትንም ይሰርዛሉ። ተማሪዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም፤ ማረም ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማንም አላሳያቸውም።

በእኛም ትምህርት ቤቶች የሚታየው ይኸው ነው። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ደብተር ሲያርም የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለመቁጠር የሚቀለውን፣ ማለትም የፊደል ግድፈትንና ያልተዘጋ አራት ነጥብን ያከብባል። ተማሪው የሚወስደው ትምህርት እርማት ማለት ስሕተት ለቀማ ነው የሚል ይሆናል። ሐሳቡ ለምን በሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንደቆመ፣ ያ ጥሩ ምሳሌ ለምን መጨረሻ ላይ ተወሽቆ እንደቀረ የሚጠይቀው የለም። ይህንን የምለው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝና።

ወደ ባቲ ገበያዎ እንመለስ። በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የደረሰውን ልብ ብለው ይዩት፤ «ገልጣ አየች» የሚለው ግስ «የጥርስ ምርመራ አድርጋለች» ሆነ፤ «ይዘው ወጥተዋል» የሚለው «ለገበያ ያቀረቡበት ሁኔታ ተስተውሏል» ሆነ። ግሱ ሁሉ ወደ ስም ተለውጦ «አደረገ»፣ «ፈጸመ»፣ «ተስተዋለ» በሚሉ ረዳቶች ይደገፋል፤ የሚሠራው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ይህ ቋንቋ ከየት መጣ ቢባል በየቀኑ ከምንሰማው ዜናና ከምንፈርምበት ቃለ ጉባኤ ነው። «ትክክለኛ አማርኛ» ልጽፍ ብለን ስንቀመጥ በጆሯችን የሚደውለው የስብሰባ ድምፅ ነው። እርስዎ በቋንቋዎ ላይ ያደረጉት እርማት ሳይሆን ልብስ ማልበስ ነው፤ ልብሱም የቢሮ ልብስ ነው።

አሁን ሌላ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ይህ ታሪክ የማን ነው? የግመሎቹ ነው? የገበያው ነው? ወይስ የአያትዎ? እኔ ሳነበው ዓይኔ የቆመው ዋጋ ሳይጠይቁ ጥርስ በሚያዩት ሴትዮ ላይ ነው። ይህ ከሆነ ግመሎቹ ምንም ያህል ቢያምሩ የሚቀድሙበት ምክንያት የለም። እንዲህ ቢሞከርስ፦ «አያቴ ፍየል ስትገዛ ዋጋ አትጠይቅም። መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን ታያለች፤ ቀጥላ ሻጩን ቀና ብላ ታየዋለች። ባቲ ላይ የገጠማት ሰው አማርኛ አይሰማም፤ እሷም አፋርኛ አታውቅም። በጣት ተከራከሩ፤ ግመሎቹ እስኪያልፉ ድረስ ቆመው ተከራከሩ።» የእኔ የተሻለ ነው ለማለት አይደለም፤ ልጅነትዎን ስለማላውቀው ብዙ ነገር ሳትኩ ይሆናል። ለማሳየት የፈለግሁት ለውጡ ከቃል ሳይሆን ከጥያቄ መነሣቱን ነው። «ታሪኩ የማን ነው» የሚለው ጥያቄ ሲመለስ ግመሎቹ ቦታቸውን ራሳቸው አገኙ፤ ገበያውም በሻጭና በገዢ መካከል ባለው የቋንቋ ክፍተት በኩል ተገለጠ።

ሊንዳ ፍላወር የተባለች ሌላ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው ጽሑፍ፣ ጸሐፊ ለራሱ የሚጽፈውንና ለአንባቢ የሚጽፈውን ለይታ ታሳያለች። የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ነገሮቹን የሚያስቀምጠው ለጸሐፊው በተገለጡለት ቅደም ተከተል ነው። ሰኞ ጠዋት ደረስን፣ ግመል አየን፣ ከዚያ አያቴ መጣች። እርስዎ ያዩት በዚህ ተራ ስለሆነ በዚህ ተራ ጻፉት፤ ምንም ነውር የለበትም፤ የመጀመሪያ ረቂቅ ሥራውም ይኸው ነው። የእርማት ዋና ድካም ግን ያንን ተራ ለማያውቅዎ አንባቢ በሚሆን ተራ መለወጥ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው እስክሪብቶውን አስቀምጠው አንድ ጊዜ ዝም ብለው ያንብቡት። ከዚያ በየአንቀጹ ጎን ያ አንቀጽ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ይጻፉ። ሥራው የማይነገር አንቀጽ ካለ ይወጣል፤ ሁለት አንቀጾች አንድ ሥራ ከሠሩ አንዱ ይበቃል። ዓረፍተ ነገር ማቃናት ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ የፊደል ጉዳይ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ብዙዎቻችን ተገልብጠን እንጀምራለን፤ ነገ ለሚሰረዝ አንቀጽ ዛሬ ስንት ሰዓት ሙሉ ሐመሩን «ሐ» ከሃሌታው «ሀ» ስንለይ እናመሻለን።


መልስ፦ «ዘዋድላ»

መምህር ያሉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ከአንድ ነገር በቀር እስማማበታለሁ። እርማት ከረቂቅ በኋላ ይጀምራል የሚለውን አካሄድ እኔ ካደግሁበት የቅኔ ቤት አንጻር ላየው እወዳለሁ፤ የጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ በዚያ በኩል መልስ የሚያገኝ ይመስለኛል።

ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በስም ከሚጠሩት የቅኔ ቤቶች አንዱ መሆኑን ታውቃላችሁ። ተማሪ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና፣ ሦስት ሦስት ቤት ባላቸው በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አድርጎ፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ያድጋል። ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ፣ ወረቀት የለውም። ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ይቀመጥና በአእምሮው ብቻ ያበጃል፣ ያፈርሳል፣ መልሶ ያበጃል። አንድ ቃል ለቤት መምቻው (ለስንኙ መድረሻ ፊደል) ቢስማማ ለዜማው ልክ ይረዝማል፤ ለዜማው ቢስማማ ሰሙ ቆሞ ወርቁ ይወድቃል፤ ሁሉም ቢስማማ የግእዙ አገባብ ይሰበራል። ስለዚህ ቃል ብቻ ለይቶ መለወጥ የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም፤ አንዱን የነካ ሁሉንም ነክቷል። መምህር «ለውጡ ከጥያቄ ይነሣ» ያሉትን የቅኔ ተማሪ በግዱ ይማረዋል።

ቆጥሮ ሲጨርስ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። እኔን ያስተማሩኝ የኔታ ለጀማሪው ራሳቸው ያቃኑለት ነበር፤ በደረጃ ከፍ ላለው ግን ማቃናቱን ይተዉና «ወርቁ እዚህ ላይ ጠፋብኝ» ብለው ብቻ ይመልሱታል። መልሱን አይነግሩትም። ተማሪው ተመልሶ ይሄዳል፤ ያድራል፤ ሌላ ይዞ ይመጣል። ይህ ሲደጋገም ተማሪው ገና ሲቆጥር የኔታ የት ላይ እንደሚያስቆሙት መገመት ይጀምራል። ውሎ አድሮ ያ ጥያቄ የኔታ ሳይጠይቁት ራሱ የሚጠይቀው ይሆናል። ትምህርት ወደሚቀጥለው ሥራ ይሻገራል የምለው ይህንን ነው። ጠያቂው ወንድሜ፣ አንድን ጽሑፍ አርመው ሲጨርሱ ያረሙትን ስሕተት አብረው ይረሱታል ብዬ እጠረጥራለሁ። መግቢያው ተንዛዝቶ አሳጠሩት፤ መልካም። ለምን እንደተንዛዛ ግን ጠይቀዋል? ሐሳቡ ገና ሳይገለጥልዎ መጻፍ ስለ ጀመሩ ነው? ወይስ አንባቢው እንዳይንቅዎ ፈርተው? ምክንያቱ ካልታወቀ በሚቀጥለው ጽሑፍ ላይ ተመልሶ መምጣቱ አያስገርምም። ሌላ ሰው አቃንቶ ከሰጠዎትም ያው ነው፤ ወረቀቱ ይቃናል፣ እርስዎ ባሉበት ይቀራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሥርዓታችን ባለቅኔ ዛሬ በዓል ላይ ያቀረበውን ቅኔ ነገ በሌላ በዓል መልሶ ቢያቀርበው ያሳፍረዋል፤ አዲስ መቀኘት አለበት። ያ ሁሉ ድካም የወጣበት መወድስ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያልፋል። የወደደው ሰው በቃሉ ይይዘው ይሆናል፤ ለባለቅኔው ግን ከዚያ ድካም የሚቀርለት ቀጣዩን የመቁጠር ችሎታ ነው። ጠያቂው «ጽሑፉን ወይስ ጸሐፊውን» ብለው የለዩትን ነገር የቅኔ ቤት ከጥንት ጀምሮ ለይቶታል፤ መልሱም ጸሐፊውን ነው።

እርግጥ ዝርው ጽሑፍ ቅኔ አይደለም። ስምንት ቤት በአእምሮ ይያዛል፤ ስምንት ገጽ አይያዝም፤ ለዚያ ወረቀት ያስፈልጋል። ነገር ግን ከመጻፍዎ በፊት ዋናውን ነገር በአፍዎ ለራስዎ ተናግረው ቢያዩት ከወረቀት ላይ እርማት ብዙው ይቀንሳል።


መልስ፦ «የወረኢሉ ልጅ»

በእኛ ቤት መንዙማ የሚገጥሙ አጎት አሉኝ። የገጠሙትን በአጀሚ፣ ማለትም አማርኛውን በዓረብ ፊደል፣ ይጽፉትና ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለጸሎት በሚሰበሰብበት፣ ሲያቀርቡት ይፈትኑታል። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ አዝማቹን ካልተቀበለ፣ ወይም ተቀብሎ መሐል ላይ ከተደነቃቀፈ፣ አጎቴ «ሰዉ ዛሬ ደክሞታል» አይሉም፤ ስንኙን ያነሡታል። ከላይ የተጻፉት ሁለት መልሶች ስለ ጸሐፊውና ስለ መምህሩ ብዙ አሉ፤ ስለ አድማጩ ግን ጥቂት ነው ያሉት።

እኔ የምጽፈውን ቡና ሲፈላ ለእናቴና ለጎረቤቶቻችን አነባለሁ። አስተያየት አልጠይቃቸውም፤ ቢጠየቁም «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ነው የሚሉኝ። ፊታቸውን ግን አያለሁ። ሲኒ መቁጠር የጀመሩበትን መስመር ምልክት አደርግበታለሁ። ጠያቂው የቢሮውን ቅጂ ለአያታቸው ቢያነቡላቸው ኖሮ «የጥርስ ምርመራ» ላይ ሲደርሱ አያትየው የሚሉትን ለመስማት እጓጓለሁ።


መልስ፦ «ገጽ አስተካካይ»፣ ወልድያ

የመጻሕፍት አርትዖት የምሠራ ሰው ነኝ። እስካሁን የተባለው ሁሉ እርማትን የሚያወድስ ስለሆነ እኔ በሌላው ወገን ልቁም።

ወደ እኔ የሚመጡ ጽሑፎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ከነጭራሹ ያልታረሙና ከመጠን በላይ የታረሙ። ሁለተኛዎቹ ይብሳሉ። ያልታረመ ጽሑፍ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ ያሳያል፤ ከመጠን በላይ የታረመ ግን ያንን እንኳ ይደብቃል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው ሮማዊው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን የእርማት ሥራ መጨመር፣ መቀነስና መለወጥ ነው ብሎ፣ የተጻፈውን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጦ እንደ አዲስ ነገር መመልከትን ይመክራል። ነገር ግን ወዲያው ማስጠንቀቂያ ያክላል፤ አንዳንዶች የጻፉት ሁሉ የተበላሸ እየመሰላቸው ሳይጨርሱ ይቀራሉና እርማትም ማብቂያ ይኑረው ይላል። ይህ በተጻፈ በሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሰዉ ምንም አልተለወጠም። «ገና እያረምሁት ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ትጋት ሳይሆን ፍርሃት ነው። አንድን ልቦለድ ለዓመታት ከማሸት ይልቅ እርሱን ዘግቶ ሌላ መጀመር የበለጠ የሚያስተምርበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ረገድ ዘዋድላ ስለ በዓሉ ቅኔ ካሉት ጋር እገናኛለሁ። በማተሚያ ቤት ደግሞ ገጹ ከተቀናበረ በኋላ አንድ አንቀጽ መጨመር ተከታዮቹን ገጾች ሁሉ ስለሚገፋ ለጸሐፊው ማብቂያውን ገንዘቡ ያበጅለታል።

ለጠያቂው የምለው ተግባራዊ ነገር ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ አያጥፉት። የቀድሞ ቁም ጸሐፊዎች ብራና ላይ ሲሠሩ የተሳሳተውን በስለት ይፍቁ ነበር፤ የዘለሉትን መስመር ደግሞ በኅዳግ ጽፈው የሚገባበትን ቦታ በምልክት ያሳዩ ነበር። የገዳም መጻሕፍትን ያየ ሰው የተፋቀውን ቦታ ሻካራነትና የኅዳጉን ምልክት ዛሬም ይለየዋል፤ ጽሑፉ የት ላይ እንደተነካ ይታያል። ኮምፒውተርና ስልክ ግን አዲሱን ብቻ አስቀርተው አሮጌውን ድምጥማጡን ያጠፉታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ረቂቅ ለብቻው በሌላ ስም ያስቀምጡ። ባልደረባዎ የቀድሞውን መምረጥ የቻለው ሁለቱም ስለነበሩ ነው።

ጮክ ብሎ ማንበብን በተመለከተ፣ የወረኢሏ እህታችን ያሉት እውነት ነው፤ ለአማርኛ ግን አንድ ጉድለት አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «እሱ አለ» ብለው የጻፉት ሰውየው ተናገረ ለማለት ይሁን በቦታው ይገኛል ለማለት የእርስዎ ምላስ ስለሚያውቀው ሲያነቡት ምንም አይደናቀፉም። አንባቢው ግን እስከሚቀጥለው መስመር ድረስ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን ራስዎ ከማንበብ ሌላ፣ ቀድሞ ያላየው ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉና እርስዎ ያዳምጡ። እርሱ የተመለሰበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ መልሶ መጻፍ ያለበት ነው። ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮቻችን ማሰሪያ አንቀጻቸው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ «ሲሆን» እና «እንዲሁም» እያሉ የተቀጣጠሉት በሌላ ሰው አፍ ሲነበቡ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥር ወዲያው ይሰማል።


ከጠያቂው፦ «የጦሳ ሥር»፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ታሪኩ የማን ነው» በሚለው ጥያቄ ተነሥቼ ስለ ባቲ የጻፍሁትን እንደገና ጀመርሁት፤ ግመሎቹን አስቀርቼ ጨዉን አወጣሁት። የዘዋድላንም ምክር ይዤ በየጽሑፉ ላይ የማርመውን ነገር ምክንያቱን ጭምር በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

አሁን የቸገረኝ የንግግሩ ክፍል ነው። አያቴ የገጠር ሰው ስለሆነች «ከደሴ» ለማለት «ኸደሴ»፣ «አይደለም» ለማለት «አይዶለም» ትላለች። በመጀመሪያው ረቂቅ እንደምትናገረው ጻፍሁት። ሳርም ወደ መጽሐፍ አማርኛ ለወጥሁት፤ ያን ጊዜ አያቴ የዜና አንባቢ መሰለችኝ። መልሼ እንደነበረ ባደርገው ደግሞ የሌላ አገር አንባቢ የፊደል ግድፈት እንዳይመስለው፣ ወይም እንዳይስቅባት እሰጋለሁ። ይህ በእርማት የሚፈታ ነገር ነው?


መልስ፦ «የወረኢሉ ልጅ»

እኔ ብሆን ሁሉንም «ከ» ወደ «ኸ» አልለውጥም፤ እንደዚያ ከሆነ አንባቢው ሴትዮዋን ትቶ ፊደሉን ሲፈታ ይውላል። አንድ ወይም ሁለት የአነጋገር ምልክት ይምረጡና እርሳቸው በተናገሩ ቁጥር ሳይዘነጉ ይጠቀሙበት፤ «አይዶለም» ማንም ስለሚገባው ይበቃል። ከዚያ በላይ የወሎን ሰው የሚያሳውቀው የነገር አካሄዱ ነው፤ ሲቆጣ እንኳ በምርቃት የሚጀምረው፣ «አይሆንም» ለማለት ዙሪያውን የሚዞረው። የመጽሐፍ አማርኛ አያትዎን የወሰደብዎ «አይዶለም»ን በማረሙ ብቻ አይመስለኝም፤ ምርቃቱን «አላስፈላጊ ድግግሞሽ» ብለው ሰርዘውትም ይሆናል። የመጀመሪያው ረቂቅ ካለዎት አውጥተው ይዩት።


መልስ፦ «ገጽ አስተካካይ»፣ ወልድያ

በዚህ ላይ አንድ የሥራ ጉዳይ ብቻ እጨምራለሁ። ጽሑፉን ለአሳታሚ ሲልኩ ከፊቱ አጭር ማስታወሻ ያያይዙ፤ በንግግሮቹ ውስጥ ያሉት እነዚህና እነዚህ ቃላት ሆን ተብለው የተጻፉ ስለሆኑ እንዳይነኩ ብለው ቃላቱን ይዘርዝሩ። ይህ ካልተደረገ እኔን የመሰለ አራሚ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ «አይዶለም»ን ሁሉ ያቃናልዎታል፤ እርስዎም የሚያዩት መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው።